ቋጠሮ የሌለው ጥልፍ

ስልኩን ያነሣው ሳጅኑ ነበር። «ከደናግል ገዳም ነው፤ ጠላፊ ሞታለች ይላሉ» ብሎ ሽጉጡን ሲታጠቅ መርማሪዋ አየችው።

«የገዳም ጠላፊ የምትይዘው መርፌ ነው» አለችው። «ሽጉጥህን ተወውና መኪናውን አስነሣ።»

አፍሮ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የሳቀ ሰው የለም።

መርማሪዋን በመሥሪያ ቤቷ ከኋላዋ «አነፍናፊ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ለስድብ ነው፤ እሷ ግን ሰምታ እንዳልሰማች ማለፍ ከጀመረች ቆየች። አፍንጫዋ ሌላው ሰው የማያስተውለውን ሁሉ ይለቅማል፤ ለሥራዋ ጸጋ፣ ለኑሮዋ መከራ ነው። የገዳሙን በር አልፋ ስትገባም ከሰው በፊት የተቀበላት ግም ነበር። የተቀቀለ ቆዳ፣ የራሰ ሱፍ፣ ከዚያ ሁሉ ሥር ደግሞ ትውኪያ። ምራቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ጥልፍ ክፍሉ አመራች።

ክፍሉ ረጅምና ብርሃናም ነው። በአንደኛው ግድግዳ በኩል የቅዳሴ ካባዎችና የመንበር ልብሶች በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው ተሰቅለዋል። መሐል ላይ፣ ሁለት ሰው እጁን ዘርግቶ የማይደርስበት ትልቅ መወጠሪያ ቆሟል። በላዩ እመቤታችን በሐር ተጠልፋለች፤ ሰማያዊ መጎናጸፊያዋ ከትከሻዋ እስከ እግሯ ይወርዳል፣ የቀረው የጠርዙ ጌጥ ብቻ ነው። ፊቷ ግን መርማሪዋ በየቤተ ክርስቲያኑ ያየችው ዓይነት ፊት አልነበረም። የደከማት ሴት ፊት ነው፤ ጉንጩ ላይም ፈንጣጣ ትቶት የሄደ የሚመስል ጠባሳ ተበትኖበታል። በጣም ያምራል።

ጨርቁ እርጥብ ነበር። ንጹሕም ነበር።

አሮጊቷ ጥልፍ ሠሪ በጎን ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድማለች። ከአፏ እስከ አንገትጌዋ ትውኪያው ደርቆባታል፤ ዝንብ ዐርፎባታል።

«ጨርቁን ማነው ያጠበው?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ ነኝ» አለች እመ ምኔቷ። ቀጥ ያለች፣ ልብሷ አንድ ጭምድድ የሌለበት ሴት ናት። «በላዩ ላይ ተደፍታ ነበር የተገኘችው። ሐር ነው፤ ቆሻሻው ቶሎ ካልተነሣ ይቀርበታል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሥራውን ለመመረቅ እንግዶች ይመጣሉ።»

«ፊቷንስ ለምን አልጠረጉላትም?»

እመ ምኔቷ ዞር ብላ መወጠሪያውን አየች። «ፊቷ ምን ሆነ? ጠርጌዋለሁ እኮ» አለች።

«የሟቿን ማለቴ ነው፣ ማዘር» አለች መርማሪዋ። ከዚያ ከኪሷ መሐረብ አውጥታ ዝንቡን አባረረች።

ወደ ፖሊስ የደወለችው የገዳሙ ነርስ ነበረች፤ እሷም መነኩሲት ናት፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ዓይኗ በለቅሶ ያበጠ።

«ልብ ነው ብለሽ ጻፊ ተባልኩ» አለች ነርሷ እመ ምኔቷን ሳታይ። «ልብ እንዲህ የሚያስመልስ፣ እንዲህ የሚያንዘፈዝፍ ከሆነ እኔ ነርስ አይደለሁም። ከጸሎት ስንወጣ ነው ያገኘኋት። እሷ እግሯ ስለማይሄድላት ጠዋት እዚሁ ነው የምትጸልየው፤ እየጠለፈች።»

«መርዝ ብዬ ብጠይቅሽ?»

ነርሷ ወደ ማዕዘኑ ጠቆመች። «በዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ለብል የምንረጨው አለ። ቁልፉ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ ቤተኛው ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ ስከፍተው ጠርሙሱ ጎድሏል።»

መርማሪዋ ቁም ሣጥኑን ከፍታ አሸተተች። ስለታም፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ ነው። ከዚያ ሰው ሊያደርገው የማይወደውን ነገር አደረገች። ተንበርክካ የሟቿን አፍ ከፈተችና አፍንጫዋን አስጠጋች። ሳጅኑ ፊቱን አዞረ። ከትውኪያው ክርፋት ሥር ያው የሚቆነጥጠው ሽታ አለ። ምላሷ ደግሞ ቀይ ነበር፤ የፊት ጥርሶቿም ቀልተዋል።

«ደም ነው?» አለ ሳጅኑ።

«ቀለም ነው» አለች ነርሷ። «ክሩን በከንፈሯ ሳታረጥብ መርፌ ውስጥ አታስገባም ነበር። ዓይኗ ከደከመ ወዲህማ አንዱን ክር ደጋግማ ነው የምትልሰው። ስንቴ ተይ ብያታለሁ።»

ቀይ ክር ግን በክፍሉ ውስጥ የለም። ቅርጫቷ ውስጥ ሰማያዊ፣ ነጭና የወርቅ ክር ብቻ ነው ያለው። በጨርቁ ጠርዝ ላይ የተሰካው መርፌም የያዘው ሰማያዊ ክር ነው። መርማሪዋ ከመወጠሪያው ሥር ገብታ የጥልፉን ጀርባ በባትሪ አየችው። ጀርባው እንደ ፊቱ ንጹሕ ነው፤ አንድ የተንጠለጠለ ጫፍ፣ አንድ ቋጠሮ የለበትም። መርፌው በተሰካበት ቦታ ብቻ፣ በሰማያዊው ክር ጫፍ ላይ፣ እንደ ቅማል የተጣበቀ ትንሽ ቋጠሮ አለ። ወጥታ ጉልበቷን አራገፈች። ስለ ቋጠሮው ለማንም አልተናገረችም።

ቀለም ነካሪዋ ከግቢው ጀርባ ባለው ማጠቢያ ቤት ነበረች፤ የሟቿ የእናት ልጅ፣ ታናሽ እህት። ሁለቱም በልጅነታቸው ነው የመነኮሱት። እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ነው፤ እንባዋ እየወረደ በርሜሉን ታማስላለች።

«ተቀመጪ አትበይኝ፣ ልጄ» አለች መርማሪዋን። «ሥራዬን ካቆምኩ እወድቃለሁ።»

«ማማሰልዎን ይቀጥሉ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለጠርዙ የሚሆነውን ቀይ ክር የነከሩት መቼ ነው?»

«የምን ቀይ? ስንት ጊዜዬ ቀይ ከነከርኩ! ጠርዙን በወርቅ ክር ነው የምትዘጋው፤ ይህን አብረን ነው የተነጋገርነው።»

«ምላሷ ቀይ ነው።»

ነካሪዋ ማማሰሉን ተወች። «የኔ ቀለም አይለቅም» አለች ቀስ ብላ። «ስታኝኪው ብትውዪ ምላስሽን አይነካውም። እህቴ ናት እየላሰች የምትፈትንልኝ። የሚለቅ ከሆነ ትተፋና ‹ድገሚው› ትለኛለች። ምላስ ላይ የሚቀር ቀለም ከዚህ ቤት አልወጣም።»

«ትናንት ጮኸውባታል ይባላል።»

«ጮኼባታለሁ።»

«ምን ብለው?»

«እናታችንን ሸጥሻት ብዬ።» ወደ ማማሰሏ ተመለሰች። «ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ። ስለዚያ ጥልፍ አፌን ላልከፍት ለማዘር ቃል ገብቻለሁ።»

ግሙ ከየት እንደሚመጣ መርማሪዋ ያወቀችው ከጥልፍ ክፍሉ ቀጥሎ ያለውን በር ስትከፍት ነው። ይህ የሠዓሊው ክፍል ነው። ሠዓሊው ምእመን እንጂ መነኩሴ አይደለም፤ የገዳሙ ጥልፎች ሁሉ በእሱ ስም ነው ወደ ዓለም የሚወጡት። ፎቶው በጋዜጣ የማይጠፋ ሰው ነው። ከምድጃው ላይ አንድ ትልቅ ድስት የቆዳ ሙጫ ይንተከተካል፤ ለሥዕል ሰሌዳ የሚቀባው። እሱ ከድስቱ አጠገብ ተቀምጦ የተቀቀለ እንቁላል እየላጠ ይበላል። የአስኳሉ ፍርፋሪ ጢሙ ላይ ቀርቷል።

«ያሳዝናል» አለ እየዋጠ። «ደግ አሮጊት ነበረች። ጠርዝ ጠርዙን ታግዘኝ ነበር።»

«ዋናውን ጥልፍ የሚሠሩት እርስዎ ነዎት ማለት ነው?»

«በእጄ። ንድፉም፣ ጥልፉም። አላነበቡም እንዴ? እህቶቹን እኔ ነኝ ያሠለጠንኳቸው።» እጁን ዘረጋላት። ጣቶቹ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የመርፌ ጠባሳ ያልነካቸው ናቸው። ሳትወድ ዐይኗን አነሣች።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ሙጫ እንደ ሕፃን ነው፤ ጥለውት አይሄዱም፣ ያራል። እህቶቹ ጸሎት ሳይገቡ የጣድኩት ነው፤ ከድስቱ ጎን ለአንድ አፍታ አልተነሣሁም። ወደዚህ ክፍልም ሰው ዝር አላለም፤ ሽታውን ማን ይችለዋል?»

«ሲያማት አልሰሙም?»

«አልሰማሁም።»

መርማሪዋ ጆሮዋን ጣለች። በሳንቃው ግድግዳ ማዶ ነርሷ አፍንጫዋን ስታጸዳ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ሠዓሊውም ሰማ። «ሥራ ላይ ስሆን ጆሮዬ ይደፈናል» አለና ሌላ እንቁላል አነሣ።

ድስቱን አጎንብሳ አየችው። «የቆዳ ሙጫ እንዲህ ይቀላል?»

«እንደ ቆዳው ነው» አለ እንቁላሉን እየገመሰ።

ወጥታ በግቢው ቧንቧ ፊቷን ታጠበች። ሳጅኑ «ደህና ነዎት?» አላት።

«እንቁላል እንዴት ተዋጠለት?» አለች። «ምድጃውን አጥፋና ድስቱን ወደ ጥልፍ ክፍሉ አምጣው። ሁሉንም ጥራቸው።»

ሁሉም ተሰበሰቡ፤ እመ ምኔቷ፣ ነርሷ፣ ቀለም ነካሪዋና ሠዓሊው። ሟቿ በነጭ አንሶላ ተሸፍናለች። መርማሪዋ ትንሽ መወጠሪያ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ወጥራ፣ መርፌና ክር ከጎኑ አስቀመጠች።

«እያንዳንዳችሁ ጥቂት ስፌት አሳርፉበት» አለች። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«አሁን የጨዋታ ሰዓት ነው?» አለ ሠዓሊው።

«ለእርስዎማ ቀላል ነው፤ እጅዎ የለመደው ሥራ ነው።»

ነርሷ ጀመረች። ክሩን አስገብታ፣ ጫፉን በሁለት ደቃቅ ስፌት ሥር ደበቀችና ቀጠለች። እመ ምኔቷም እንደዚያው፤ እጇ ከረጅም ጊዜ በኋላም አልረሳም። ነካሪዋ እንባዋን በትከሻዋ እየጠረገች እንደዚያው አደረገች። ሠዓሊው ክሩን መርፌው ውስጥ ለማስገባት ብዙ ታገለ። በመጨረሻ ሲሆንለት የክሩን ጫፍ በጣቱ ጠቅልሎ አጥብቆ ቋጠረና መርፌውን ሰካ።

«ቋጠሮ!» አለች ነርሷ ሳታስበው።

«ቢቋጠር ምናለበት?» አለ።

«እዚህ ቤት የሚቋጥር የለም» አለች ነርሷ። «መነኩሲት ሆና የገባች ሁሉ ማብሰያ ቤትም ትመደብ መድኃኒት ቤት፣ መጀመሪያ ሟቿ ሥር ነው የምትቀመጠው። ከቋጠርሽ ታስፈታሻለች። እርስዎ አሠልጥነውን ቢሆን ኖሮ ያውቁት ነበር።»

መርማሪዋ ወደ ትልቁ መወጠሪያ ሄዳ ጀርባውን ገለበጠችላቸው።

«ነገሩን ከሟቿ ምላስ እንጀምር» አለች። «ምላሷ ቀይ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ቀይ ክር የለም። ነካሪዋ ቀይ አልነከሩም፤ የእሳቸው ቀለምም አይለቅም። ስለዚህ ክሩ ከውጭ የመጣ ነው። እህቶች ከግቢ አይወጡም። የሚወጣና የሚገባ አንድ ሰው ነው። መርዙን ከቁም ሣጥኑ ማንም ሊወስደው ይችል ነበር። ክሩ ላይ የቀባው ሰው ግን ሴትየዋ ክሩን ደጋግማ እንደምትልስ ያውቃል። ምሬቱ ደግሞ አያስደነግጣትም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ቀለም ስትልስ ኖራለች።»

«ይህን ሁሉም ያውቃል» አለ ሠዓሊው።

«ልክ ነው። ስለዚህ ወደ መርፌው እንሂድ። ከሞተች በኋላ አንድ ሰው ገብቶ ቀዩን ክር ወስዷል። የምትሠራበት ለማስመሰልም ሌላ መርፌ ላይ ሰማያዊ ክር አስገብቶ ጠርዙ ላይ ሰካው። ከኋላው ይኸውላችሁ ቋጠሮው። በዚህ ጨርቅ ጀርባ ያለው ቋጠሮ ይህ ብቻ ነው። ከእናንተ መካከል ማን እንደሚቋጥር ደግሞ አሁን አይተናል።»

«ቋጠሮ ማስረጃ ነው?» ድምፁ ቀጠነ። «እመቤት፣ በቋጠሮ ሰው አይታሰርም!»

መርማሪዋ መልስ አልሰጠችም። ኮቷን አውልቃ እጅጌዋን እስከ ብብቷ ሰበሰበች። ሙጫው እየበረደ መርጋት ጀምሯል፤ ላዩ ቆዳ አውጥቷል። እጇን ስትከተው ለብ ያለ ንፍጥ ውስጥ የገባች መሰላት፤ ክርፋቱ ተነሥቶ ዐይኗን አስለቀሳት። ሳጅኑ አፉን በእጁ ይዞ ወደ መስኮቱ ሮጠ። እሷ ግን ጥርሷን ነክሳ የድስቱን ሥር ዳሰሰች፣ አንድ ነገር ያዘች፣ አወጣች። ትንሽ የእንጨት ማጠንጠኛ ነው፤ ሙጫ የለበሰ የሐር ክር ተጠምጥሞበታል። ስትጨምቀው በጣቶቿ መካከል ቀይ ፈሰሰ።

«ቀለሙ ለቋል» አለች ነካሪዋ በሹክሹክታ። «የገበያ ነው።»

«ከድስቱ ጎን ለአንድ አፍታ አልተነሣሁም፣ ሰውም ዝር አላለም ብለውኛል» አለች መርማሪዋ ወደ ሠዓሊው ዞራ። «እንግዲያው ይህን ከእርስዎ በቀር ማን ከተተው? ተነሥቼ ነበር ካሉኝ ደግሞ የት ሄደው እንደነበር ይንገሩኝ። ሙጫውን ዛሬ የጣዱት ሽታው ሌላውን ሽታ እንዲውጥልዎ ነው። በዚያ ሳንቃ ማዶ ተቀምጠው ሲያማት፣ ስትጣራ፣ ዝም ስትል አዳምጠዋል። ዝም ስትል ገቡ።»

የሠዓሊው ፊት አመድ መሰለ። እመ ምኔቷን አየ። እመ ምኔቷም እንደ ልማዷ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር።

«ጠዋት ክሩን ሲሰጣት አይቻለሁ» አለች። «ለጠርዙ ያመጣሁልሽ ስጦታ ነው ሲላት።»

ነርሷ ከእመ ምኔቷ ራቅ አለች።

«አይተው ነው ‹ልብ ነው ብለሽ ጻፊ› ያሉት?» አለች መርማሪዋ።

«እርግጠኛ አልነበርኩም። እንግዶቹ...» አለች እመ ምኔቷ።

ያን ጊዜ ነካሪዋ ተነሣች። «ቃሌን መልሼልዎታለሁ፣ ማዘር» አለች። «ከእንግዲህ አልጠብቀውም። ልጄ፣ ስሚኝ። ንድፉም ጥልፉም የእህቴ ነው፤ የዛሬው ብቻ አይደለም፣ ሁሉም። እሱ ስሙን ነው የሚያመጣው። እሷ ግድ አልነበራትም፣ መነኩሲት ስም ምን ያደርግላታል ትል ነበር። ይህ ፊት ግን የእናታችን ነው። እናታችን ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ፈንጣጣ ፊቷን በልቶት ሰው በጨርቅ ሸፍኚው የሚላት። እህቴ ያንን ጠባሳ እየፈታች እየደገመች ነው የሠራችው። ትናንት ይህ ሰው ለጋዜጣ ‹የወላጅ እናቴ ፊት ነው› ማለቱን ነርሷ አነበበችልን። እኔ ሸጥሻት ብዬ ጮህኩባት። እሷ ግን ተነሥታ፣ በዚያ እግሯ፣ ወደ እሱ ክፍል ሄደች። ‹ስሜን ውሰድ፤ እናቴን ግን አትወስዳትም። ነገ እንግዶቹ ሲመጡ በአፌ እነግራቸዋለሁ› አለችው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ማን ያያት ነበር?» ብሎ ጮኸ ሠዓሊው። ምራቁ ጢሙ ላይ ተረጨ። «እኔ ባልኖር ይህ ሁሉ የብል ቀለብ ነበር! ለዓለም ያወጣሁት እኔ ነኝ! አንዲት አሮጊት በአንድ ቀን እልህ የሕይወቴን ሥራ...»

«የሕይወትዎን ሥራ አሁን አየነው» አለች መርማሪዋ፤ በጣቷ ቋጠሮውን አሳየችው። «ሳጅን፣ ውሰድልኝ። ፊት ለፊቴ እንዲቆም አልፈልግም።»

ሲወጣ እጁ በካቴና እንደታሰረ ጢሙን በትከሻው ሊጠርግ ይሞክር ነበር።

እመ ምኔቷ መርማሪዋን እስከ ኮሪደሩ ተከተለቻት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጥልፉ የማን ነው የሚለው ነገር በዘገባው ውስጥ መግባት አለበት?» አለች። «ትሕትና ስእለታችን ነው። እሷም ብትሆን ስሟ እንዲነሣ አትወድም ነበር።»

«ትሕትናው የእሷ ነበር፣ ማዘር» አለች መርማሪዋ። «የእርስዎ ሌላ ስም ነው ያለው። ቃልዎን ለመስጠት ነገ ጣቢያ ይመጣሉ።»

በቧንቧው ሥር ክንዷን በሳሙና ፈተገች፣ ደግማ ፈተገች። ሙጫው ከጥፍሯ ሥር አልወጣ አለ። ነካሪዋ ፎጣ ይዛ መጣችና አጠገቧ ቆመች።

«አንቺ እኔን ደግ ሰው አድርገሽ ነው የምታዪኝ» አለች።

«ከዚህ ቤት በእርስዎና በነርሷ ብቻ ነው ያላዘንኩት።»

«እዘኚብኝ። እኔም ስንት ዘመን ዐውቄ ዝም ብያለሁ። ነርሷም። በየምርቃቱ ለእሱ አጨብጭበናል። እህቴ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ እያየችን።» ፎጣውን ሰጠቻት። «የእናቴ ፊት ባይሆን ዛሬም አጨበጭብ ነበር።»

የዚያን ቀን ሁሉ የተጠራቀመውን ጥላቻ መርማሪዋ በዚህች ሴት ላይ ልታወጣው ፈለገች፣ አቃታት።

«እንግዶቹ አሁን ይደርሳሉ» አለች ነካሪዋ። «በር የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ተራዬ ነው።»

መርማሪዋ መኪናው ውስጥ ገብታ መስኮቱን ከፈተች፤ ሳጅኑ ሞተሩን ሲያስነሣ ቆይ አለችው። ጥቁር መኪና መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌና ጌጠኛ ሚስታቸው ወረዱ፤ ፈገግ እያሉ ነበር። ነካሪዋ በሩን ከፈተች፤ አላሳለፈቻቸውም። በሰማያዊ እጆቿ መዝጊያውን ግራና ቀኝ ይዛ መናገር ጀመረች። ከመስኮቱ ላይ እመ ምኔቷ ስሟን ጠራች፤ ዞራ አላየችም። ሚስትየዋ እጇን ወደ አፏ ወሰደች። ሽማግሌው ጥቂት እንደሰሙ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እንሂድ» አለች መርማሪዋ።